ለራስ ነው ለሊጥ?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማህሌት ሦስት ዓይነት ቅቤ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እጇን አጣጥፋ ከፊቴ ቆመች። አንደኛው በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን ታጅቦ የመጣ የፈረንጅ ቅቤ ነው፤ እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ስመጣ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ ጉልበትን ከአገጭ ጋር የሚያስተዋውቀው የኋላ ወንበር ነው። ሁለተኛው በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ፣ ቅቤ ነኝ ብሎ የሚምል፣ ግን በዘመኑ አንዲት ላም በሩቁ እንኳ አይቶ የማያውቅ ቅባት ነው። ሦስተኛው ከዚሁ ከጭሮ ገበያ በፌስታል ተቋጥሮ የመጣ፣ አገሩን ሻጩም የማያውቀው ቅቤ ነው። ማህሌት ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ኬክ ቤት ልትከፍት ሽር ጉድ ላይ ናት፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ባለ መስታወቱ ሣጥን ገብቷል፣ ስልኳ ውስጥ ደግሞ ክሮሳ የሚሠሩ ፈረንጆች ከጠዋት እስከ ማታ ሊጥ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ይውላሉ፤ አንድም ቀን ደክሟቸው ሲቀመጡ አላየሁም።

«እማዬ፣ የቱ ይሻላል?» አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ እኔ ሳላዘው፣ አውራ ጣቴ ተነሥቶ ሄደና የፈረንጁን ቅቤ ጫን አደረገው። ገባ፣ ትንሽ ቆየ፣ ወጣ። ጠርዙ አልተሰነጠቀም፣ ጣቴም አልወዛም፤ አሻራዬ ብቻ እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ቀረ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ አባቴ ሲያደርገው ስላየሁ ጣቴ ብቻውን የተማረው ትምህርት ነው። እናም በዚያች አውራ ጣት በምታህል ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከተራራው የሚወርደውን ጉም፣ ባልዲውን፣ ቀይና ነጭ ክሩን፣ የእህቴን አናት፣ ከዚያም ለአርባ ዓመት ያህል ለሰው ያልተነፈስኩትን ጥፋቴን አየሁት።

ያኔ ከተማችን ጭሮ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው። አባቴ ጋሽ ታዬ አስፋልቱ ዳር፣ ወደ ሐረር የሚያልፉት አውቶቡሶች ለቁርስ በሚቆሙበት ቦታ፣ ሦስት ጠረጴዛ ያለው ኬክ ቤት ነበረው፤ ከሦስቱ የአንደኛው እግር በጡብ የተተካ ስለነበር ለሥራ የሚጠራው እንግዳ ሲበዛ ብቻ ነው። አባቴ በጣም ቀጭን ነበር። በጎኑ ዞሮ ከቆመ ደንበኛ ባዶ ቤት የገባ እየመሰለው ተመልሶ ይወጣ ነበር። ኬክ ጋጋሪ ሲቀጥን ደግሞ ሰው ይጠረጥራል፤ «ራሱ የማይበላው ምን ቢያስገባበት ነው?» ይሉታል። አባቴን ያቀጠነው ግን ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡም ሌላ ሳይሆን ቅቤ ነበር።

ወጣት ሆኖ ድሬዳዋ በአንድ ኬክ ቤት ሲሠራ ሚሊፎሊ የሚሉትን ተምሮ ነበር፤ ቅጠል በቅጠል ላይ የተነባበረ፣ ሲነክሱት እንደ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ፣ ከላዩ ስኳር የተነሰነሰበት። አሰበ ተፈሪ ግን ለዚህ ስም የሚሆን ምላስ አልነበራትም። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ መጣና ከጎኑ በኩል አየው፤ ከበሬ ሆድ የሚወጣው ባለ ብዙ ቅጠሉ ሽንፍላ ትዝ አለውና፣ «ጋሽ ታዬ፣ እንዲህ የጠራ ሽንፍላ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!» አለ። በቃ፣ ክርስትና ተነሣ። ከአውቶቡስ የወረደ አንድ የአዲስ አበባ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠው መምህር «አንድ ሻይ በሽንፍላ» ብሎ ሲያዝ ሰምቶ፣ ሐረር እስኪደርስ አፉን ሳይከፍት ሄዷል ይባላል። የምለው እኔ ነኝ፤ ግን እውነት ነው።

የዚህ ነገር ጣጣው እንዲህ ነው። ተዳምጦ በተዘረጋ ሊጥ ላይ ጠፍጣፋ ቅቤ ይተኛል፣ ሊጡ እንደ ደብዳቤ ይታጠፍበታል፣ ይዳመጣል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያርፋል፤ እንደገና ይታጠፋል፣ ይዳመጣል፣ ያርፋል። ቅቤው ከላላ ሊጡ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ከምድጃው የሚወጣው ተራ ዳቦ ነው፤ ከጠጠረ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰባበርና ሊጡን ይቀደዋል። «ቅቤና ሊጥ ጎረቤታሞች ናቸው» ይል ነበር አባቴ፤ «አጥራቸው ከፈረሰ የሁለቱም ቤት ፈረሰ።» ስለዚህ የሚፈልገው የሚታጠፍ ግን የማይቀልጥ፣ የሚታዘዝ ግን ራሱን የማይጥል ቅቤ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው እንኳ ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል። ድሬዳዋ ያኔ ይህ ቅቤ ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ይመጣ ነበር። አሰበ ተፈሪ ቅቤ የሚመጣው በቅል ነው።

አባቴ ድሬዳዋን ለቆ እናቴን ሊያገባ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሥራውን ያስተማሩት አለቃው ጋሽ ተስፋ፣ «ታዬ፣ በገበሬ ቅቤ ቅጠል አይነሣም፤ አምባሻ እየጋገርክ ትኖራለህ» ብለው ሸኙት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንደ ባለሙያ የመሰላቸውን ነው የተናገሩት። አባቴ ግን ያችን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ሰክቷት ኖረ። ሌላው ሰው እልሁን በዱላ ወይም በፍርድ ቤት ይወጣል፤ የእኔ አባት በቅቤ ሊወጣው ቆርጦ ነበር።

በገበያ ቀን ቅቤ ተራ ሲገባ ሻጮቹ ዳኛ የገባ ያህል ነጠላቸውንና ሻሻቸውን ያስተካክሉ ነበር። ያሸታል፣ ይጫናል፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ምን እንደሚሰማ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሂርና ቅቤ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ጨዋ ቅቤ ነው፣ ጥፋቱ መኪና መንገድ ዳር ማደጉ ነው፤ የጭነት መኪና ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ይርገፈገፋል። የበደሳው ቅቤ ላሞቹ ከቡና እግር ሥር ስለሚውሉ የበላውን ሰው ሁለት ቀን እንቅልፍ ይነሣል ይል ነበር። በሚኤሶ በኩል ከቆላ የሚመጣው ደግሞ ገበያ እስኪደርስ ቀልጦ ያልቅና የሚሸጠው ቅቤው ሳይሆን ወሬው ነው። ይህን ሁሉ ከዞረ በኋላ አባቴ ሁልጊዜ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ አዴ ፋጡማ ዘንድ።

አዴ ፋጡማ ከጭርጨር ደጋ፣ ጉም ከሚያድርበት መንደር፣ በአህያ ሁለት ቅል ቅቤ ጭነው የሚመጡ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው «እርስዎ» የሚባለውን ነገር አያውቀውም፤ ለቄሱም፣ ለዳኛውም፣ ለላማቸውም «አንተ» ነው የሚሉት። ደንበኛ ፊታቸው ሲቆም ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ለራስ ነው ለወጥ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ አባቴ ከመጣ በኋላ ግን በእሱ ምክንያት ብቻ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ገና ከሩቅ ቀጭን ጥላውን ሲያዩ፣ «ጋሽ ታዬ፣ ኮቱ፣ ና! ዛሬ ለራስ ነው ለሊጥ?» ይሉታል።

ጥያቄው እንደ ቀልድ ይምሰል እንጂ የሙያው ሁሉ ቁልፍ እሱ ነበር። ለራስ የሚሆነው ቅቤ በክረምት ማብቂያ፣ ላሚቷ እርጥብ ሣር ስትግጥ የሚናጠው፣ ወርቅ የሚመስለው፣ አናት ላይ ሲቀመጥ ወዲያው እጁን ሰጥቶ በጆሮ ግንድ የሚወርደው ነው። ለሊጥ የሚሆነው ግን የበጋው ነው፤ ደረቅ ሣር የበላች የደጋ ላም የምትሰጠው፣ ነጣ ያለ፣ ግትር። ሁለተኛውን ቅል እየከፈቱ፣ ቅቤን በኦሮምኛ ዳዳ እያሉ፣ «ይሄ ዳዳ እንደ ባሌ ነው» ይሉ ነበር አዴ ፋጡማ፤ «ትለፋበታለህ፣ ትለፋበታለህ፣ አይቀልጥም፤ ግን ወላሂ፣ ይታጠፋል።»

አባቴ ያን ግትር ቅቤ ቤት ያመጣውና በቀዝቃዛ ውሃ እያሸ፣ ውሃው እንደ ገባ ጠርቶ እስኪወጣ፣ የቀረችውን አሬራ ሁሉ ያስወጣዋል፤ ትንሽ ጨው ያስገባበታል፤ በሊጥ መዳመጫው እየደበደበ እንደ መጽሐፍ ያሳጥፈዋል፤ ከዚያ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ በቀይ ክር ያስረዋል። ማቀዝቀዣ አልነበረንም። የነበረን ግቢያችን ውስጥ ያለው የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ቅቤው በባልዲ ተደርጎ ውሃውን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ተንጠልጥሎ ያድራል። ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጉሙ አጥሩን አልፎ እስከ ደጃችን ሲመጣ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው የቅጠልና የጨው ሽታ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ግቢውን ይሞላዋል፤ ከእንቅልፌ ሳልነቃ ሽታው እየመራኝ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱም እኔ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሌባ፣ ቤቱ ሳይነሣ ባልዲውን ስቤ፣ ክሩን ፈትቼ፣ በጣቴ አንዴ ጠቅ አድርጌ የምልስ፣ የላስኩበትን ቦታ ደግሞ በምላሴ አስተካክዬ የምመልስ ሰው ነበርኩ። የአሰበ ተፈሪ ሰው ስንት ዓመት ምላሴ ያለሰለሰውን ሽንፍላ እንደበላ ለማንም አልነገርኩም፤ ዛሬም ባልናገር ይሻል ነበር።

እንዲህ እያለን ታላቅ እህቴ አልማዝ ታጨች። ሙሽራው ከድሬዳዋ ነው፤ የማነው ልጅ ቢባል የጋሽ ተስፋ። አባቴ ይህን የሰማ ቀን ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ዘሩ አንድ ቃል አልጠየቀም። «ሰውዬው ራሳቸው ይመጣሉ?» ብቻ አለ። እናቴ የሠርጉን ነገር ሁሉ ስታሰላ፣ አባቴ የሚያሰላው አንድ ትሪ ነበር፤ በሠርጉ ቀን ጋሽ ተስፋ እፊታቸው የሚቀርበውን ሽንፍላ አንዴ ሲነክሱ ማየት። ከዚያ በኋላ ዓለም ብታልፍም ግድ አልነበረውም። ሰውዬው ከነከሱ በኋላ «አላልኩህም?» ካሉት ግን ኬክ ቤቱን ዘግቶ አምባሻ እንደሚጋግር ለእናቴ ሲነግራት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለሠርጉ አዴ ፋጡማ ሁለቱንም ቅል አራገፉ፤ አንዱን ለሊጥ፣ አንዱን ለሙሽራዋ ራስ። እናቴ ለራስ የሚሆነውን ቅቤ ከተቀጠቀጠ አደስ ጋር አሳድራ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣችና፣ ሽታው ብቻ ሲቀር እሷም በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በነጭ ክር አሰረችው። አደስን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ከተነሣ በኋላም ሽታው ለብቻው ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ሁለቱ ጥቅሎች፣ እኩል መጠን ያላቸው፣ በአንድ ባልዲ ጎን ለጎን ወረዱ።

በሠርጉ ዋዜማ ጎህ ሲቀድ እኔ እንደ ልማዴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበርኩ። ባለ ቀዩን ክር ፈታሁ፣ ላስኩ። ከዚያ ሰይጣን ባለ ነጩን አሳየኝ፤ ፈታሁ፣ ላስኩ፤ የሙሽራ ጆሮ የላስኩ ያህል ደነገጥኩ። በዚህ መሐል የእናቴ ሳል ከቤት ተሰማ። ክሮቹን አነሣሁ፣ አሰርኩ፣ ባልዲውን ለቀቅሁ፣ ሮጥኩ። ቀዩን ክር የቱ ላይ እንዳሰርኩት ቢጠይቁኝ ያኔም አልመልስም ነበር።

አባቴ በሌላ ቀን ቢሆን በአፍንጫው ብቻ ያውቀው ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ በጉምና በጉድጓድ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰንብቶ ጉንፋን ይዞታል፤ አፍንጫው እንደ ከተማችን ቧንቧ ድርቅ ብሎ ተዘግቷል። የቀረው ቤተሰብ ደግሞ አደስ ቢሸተው የማይገርምበት ቀን ነበር፤ የሙሽራ ቤት አደስ ካልሸተተ ምን ሊሸት ነው? አባቴ ባለ ቀይ ክሩን ፈትቶ ሥራ ጀመረ። ቅቤው ለስላሳ ሆነበት፤ ቢጫነቱን የኩራዙ ብርሃን ነው ብሎ አለፈው። ቤት ውስጥ የታጨቀውን ዘመድ ትንፋሽ ረገመ፤ የሚዳምጥበትን እብነ በረድ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ አበረደ፤ አንዴ ባጠፈ ቁጥር ሊጡን በቅጠል ጠቅልሎ ወደ ጉድጓዱ አወረደው፣ አወጣው፣ አጠፈው፣ እንደገና አወረደው። ያን ቀን ከባልዲው ይልቅ ሊጡ ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ወርዷል። የአባቴን እጅ እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም፤ ጣቶቹ ሊጡን ሳይነኩት የሚያንሸራሽሩት ይመስሉ ነበር፤ የተኛ ሕፃን ከአልጋ አልጋ እንደሚያዛውር ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው።

በጓሮ በኩል ደግሞ እናቴ ባለ ነጭ ክሩን ፈትታ እህቴ አናት ላይ አስቀመጠችው። ተቀመጠ። ጠበቁት። አልተነቃነቀም። ፀሐይ ላይ አወጧት፤ ቅቤው እንደ ቆብ ጉብ ብሎ ተራራውን ይመለከታል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ከንፈራቸውን መጠጡና፣ «ቅቤ የማይቀልጥበት የሙሽራ ራስ አይቼ አላውቅም፤ ልጄ፣ ልብሽ ቀዝቅዟል እንዴ? አልወደድሽውም?» አሏት። ከሙሽራው ጋር ዓይን ለዓይን ተያይታ የማታውቀው፣ በጨዋነቷ ሰፈር የሚምልባት እህቴ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ «ኧረ እወደዋለሁ! ራሴን ግን እያቃጠለኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ በተከፈለው ፀጉሯ መሐል የጨው ፍንጣሪ በፀሐይ አብረቀረቀ። የማነው ጨው? የአባቴ።

በዚያችው ቅጽበት ከምድጃው በኩል ሽታው መጣ። ትኩስ ስኳር፣ ትኩስ ሊጥ፣ ከእነሱ በላይ ደግሞ ሞቆ የተነሣ አደስ፤ ግቢው ውስጥ አንዲት የማትታይ ሙሽራ እየዞረች እንግዳ የምትስም ይመስል ነበር። ዞሬ ሳይ አባቴ ትሪውን ይዞ ቆሟል፤ ቅጠሉ ተነሥቷል፣ ጣት ያህል፣ ያለቀለት፣ ወርቃማ። ፊቱ ላይ የነበረውን አልረሳውም። ጥፋቴን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁ። ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ቀበቶውንም አይቼ ነበር።

በማግሥቱ ሙሽራው መጣ፣ ተዘፈነ፣ ተበላ። ጋሽ ተስፋ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ዳስ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል። አባቴ በገዛ እጁ አቀረበላቸውና እንደ ተከሳሽ ቆመ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር፣ በጠረጴዛ ልብሱ ጫፍ እያየሁ፣ አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ሁሉ በስም ጠራሁ። ሰውዬው ሽንፍላውን አነሡ። ወደ ጆሮአቸው አስጠጉና በጣታቸው ሰበር አደረጉት፤ ያኔ ነው አባቴ የሚያዳምጠውን ከማን እንደተማረ ያወቅሁት። ቅጠሎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። ነከሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከበሮው ሲመታ ነበር፤ ለእኔ ግን ያቆመ መሰለኝ።

«ታዬ» አሉ ቆይተው፤ ዓይናቸውን ሲከፍቱ ረጥቧል። «ይሄ ቅቤ ከየት ነው?»

«ከዚሁ ነው፣ ጋሼ። ከጭርጨር ላም።»

«እኔ ስሳሳት ኖሬአለሁ። ስንት ዓመት ስጋግር እንዲህ ያለ ቅቤ እጄ አልገባም። እንጃ ለምን እንደሆነ... እናቴን አመጣብኝ። ልጅ ሆኜ ደረቷ ላይ ስተኛ የሚሸተኝ ሽታ።»

አባቴ ወደ ውጭ ወጣ፤ ከዳሱ ኋላ ግንዱ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ተናፈጠ፣ ጉንፋኑ ነው ብለን አለፍነው።

ከሠርጉ በኋላ ለአዴ ፋጡማ ድርሻቸውን ይዤ ገበያ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉን ገለጡ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አንዴ ሽንፍላውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ሻሻቸው እስኪወድቅ፣ አህያቸው እስክትደነብር ሳቁ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ የእኔ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ለራስ ነው ለሊጥ?» እንባዬ ዱብ ሲል ሳቃቸውን አቆሙ። «ጋሽ ታዬ ደስ ብሎታል?» አዎ አልኳቸው። «ሰውዬው ወዷል?» አዎ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲህ አላህ ያጣፈጠውን እኔና አንቺ አናበላሽም። ዝም።» ለእኔ ብቻ፣ በዚያች ቀን ብቻ፣ «አንቺ» ማለት ቻሉ።

ዝምታው ግን መዘዝ ነበረው። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ጉንፋኑ ለቆት መጣና ያንኑ ቅቤ ጠየቀ። ወሰደ፣ አጠበ፣ አጠፈ፣ ጋገረ፤ ቅጠሉ ተነሣ፣ ግን አባቴ ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ፤ «ይሄ አይደለም።» እሱ በጉንፋኑ ምክንያት ያን ቀን ሳይሸተው ቀርቶ ነበር፤ ከሠርጉ ሦስት ቀን በኋላ ከተረፈው ፍርፋሪ ቀምሶ ነው ጋሽ ተስፋ የተናገሩለትን ያገኘው፤ ካገኘውም በኋላ አልለቀቀውም። ደግሞ ገዛ፣ ደግሞ ጋገረ፣ «ይሄም አይደለም።» የየትኛዋ ላም ነው? ምን በልታ ነው? በየትኛው ተራራ? አዴ ፋጡማ መላው ሲጠፋቸው አንድ ቀን እጃቸውን ዘርግተው፣ «ጋሽ ታዬ፣ ምን ላድርግህ፣ ያ ላም ሞተ» አሉት። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። እንደ ሰው ሞት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው፤ ቤት መጥቶም እራት አልበላም። ሳምንት ቆይቶ ግን ጥጃ እንዳላት ጠየቀ። ጥጃዋ ሐረር ተሸጠ ተባለ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሐረር ድረስ ሄዶ ጥጃ ፈልጓል።

በቀረው ዕድሜው አባቴ በሂርና፣ በበደሳ፣ በየገጠሩ ገበያ እየዞረ አውራ ጣቱን ያልነከረበት ቅል የለም። የዚያችን ላም ዘር ሲፈልግ፣ ሽታው በገዛ ቤቱ፣ እናቴ በየቅዳሜው በምትቀባኝ የአደስ ቅቤ ውስጥ፣ በእኔ አናት ላይ ነበር። ሽንፍላውን እየበላሁ ራሴን ስደባብስ ሁለቱ ሽታ በአፍንጫዬ ሲገናኙ፣ በቃ አሁን ያውቀዋል፣ እያልኩ ልቤ ይቆማል፤ እሱ ግን ሙያ ያለበትን እንጂ ልጆቹ ያሉበትን አየር አሽትቶ አያውቅም። መጀመሪያ ያልነገርኩት ቀበቶውን ፈርቼ ነው። አድጌ ቀበቶው ሲያጥር ደግሞ ድሉን የምነጥቀው መሰለኝ። አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ የጋገርኩትን ወስጄለት በአውራ ጣቱ ጫን አደረገውና፣ «ጥሩ ነው። ያቺ ላም ብትኖር ኖሮ...» አለ። «አባዬ» አልኩ። «ወይ» አለ። «ምንም» አልኩ። ዕድሜ ልኬን ቀልድ ሳወራ ኖሬ፣ ከሁሉ የሚያስቀውን ለእሱ ሳልነግረው ቀረሁ።

አዴ ፋጡማም ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ላሞቻቸው ይግጡበት የነበረው የደጋ መስክ እስከ ተራራው ወገብ ጫት ሆኗል፤ ልጃቸው የምትሸጠው እሱን ነው፣ ቅል ቤቷ ውስጥ የለም። ጉድጓዳችን በሲሚንቶ ተደፍኖ ከላዩ ባጃጅ ይቆምበታል። ኬክ ቤቱ የስልክ መሸጫ ነው። ጉሙ እንኳ ያኔ እስከ ደጃችን ይመጣ የነበረው፣ አሁን ተራራው ጫፍ ላይ እንደ ጡረተኛ ተቀምጦ አስፋልቱን ያያል።

ይህን ሁሉ ለማህሌት የነገርኳት ሦስቱ ቅቤዎች ፊት ለፊት ቆሜ ነው። የፕላስቲኩን ጫን ሳደርገው ጣቴን እንደ ሙጫ ያዘው፤ ለጫማ ይሆናል አልኳት። የፌስታሉ ገና ሳልነካው ቀለጠ፤ ይሄ ለራስ ነው። የፈረንጁ ለሊጥ ነው፤ አባቴ ቢያየው ኖሮ ለብቻው ወንበር ያቀርብለት ነበር። ልጄ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ስትመለስ ከገበያ አንድ እቅፍ አደስ ይዛ ነበር። ቀጠቀጥነው፣ ከፈረንጁ ቅቤ ጋር አሳደርነው፣ ጠዋት ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቀምን። እንደ ቪዲዮዎቹ አላጠፈችም፤ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታጥፈው፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ።

ትሪው ከምድጃው ሲወጣ ከአፍንጫዬ በፊት ያወቀው አናቴ ነው፤ ሽበቴ ሥር ያለው ቆዳ ሞቅ አለኝ። ነከስኩ። እሱ ነው። ራሱ። በዓለም ላይ ይህን ሽታ ቀምሶ «እሱ ነው» ብሎ መመስከር የሚችል ሌላ ሰው ባጣ፣ ድሬዳዋ ለእህቴ ልደውል ስልኬን አነሣሁና ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን እሷ ያሸተተችው ጨው ነው።

ስልኩን አስቀመጥኩና አንዱን ቁራሽ በሳህን አድርጌ የአባቴ ፎቶ ወደ ተሰቀለበት ግድግዳ ሄድኩ። ፎቶው ላይም በጎኑ ነው የቆመው፤ የማያውቀው ሰው ባዶ ፍሬም ነው ይላል። ሳህኑን ወደ አፍንጫው ከፍ አደረግሁለት።

«አባዬ» አልኩት፤ «ላሟ አልሞተችም። እኔ ነኝ የደበቅኋት።»